ሰውን አትንኪ፣ መደቡን አስፊ

ልጄ፣ ፎቶ ቤት መክፈትሽን እናትሽ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው፤ ከገባሽበት አይቀር ይቅናሽ። እስቲ ተመልከትልኝ ብለሽ በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶዎች አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። በብርሃኑም በቀለሙም የማወጣው እንከን የለኝም፣ ጎበዝ ነሽ። የሠርጉን ፎቶ ካሬ ለማድረግ የሄድሽበት መንገድ ነው ያልጣመኝ። ሙሽራው ካለ ቁመቱ ቁመት ተጨምሮለታል፣ የሚዜዎቹ ፊት ወደ ታች ተጎትቷል፣ የመኪናው ጎማ ሞላላ ሆኗል። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ቃሉ ሻካራ ነው፤ ደንበኛ ፊትሽ ባይለውም ቤቱ ገብቶ የሚለው ይኸንኑ ነውና፣ እኔ አጎትሽ ቀድሜ ብለው ይሻላል።

ካሬ ፎቶ በራሱ ጠላት አይደለም። በፊልም ዘመን ሮሊፍሌክስና ሃሰልብላድ የያዘ ሰው የሚያነሳው 6 በ6 ሳንቲሜትር የሆነ ካሬ ነበር፤ ከአንድ ጥቅል 120 ፊልም 12 ፎቶ ይወጣል። ካሜራውን ሆዱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የሚታየው ካሬ ስለሆነ፣ ሰዉን ከመጀመሪያው በካሬው ልክ ነው የሚያቆመው። የዛሬው ጣጣ ሌላ ነው። ያንቺ ካሜራ የሚያነሳው 3 ለ2 በሆነ ልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 4 ለ3። ካሬ ይሁንልኝ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሠርጉ አልፎ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ "እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ" የምትያቸው ሰዎች የሉም።

እናም ብዙው ሰው ያንቺን መንገድ ይይዛል፣ ፎቶውን ይጨምቀዋል። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነውን በግድ 1080 በ1080 ስታደርጊው ወርዱ ከቁመቱ አብልጦ ይጨመቃልና፣ ሰው ሁሉ ከወርዱ አንጻር አንድ ጊዜ ተኩል ይረዝማል። ካሜራው በቁመት ተይዞ የተነሳ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀጭኗ ልጅ ትከሻዋ ሰፍቶ፣ ጉንጯ ተነፍቶ ትወጣለች። ዓይን ቶሎ ይለምዳልና ስክሪን ላይ አፍጥጠሽ ስትውዪ ላይታወቅሽ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ፎቶው ውስጥ ክብ ነገር ፈልጊ፦ የመኪና ጎማ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የኬክ ሳህን፣ የኮት ቁልፍ። ፊት ለፊት የሚታይ ክብ ሞላላ ከሆነ ፎቶው ተጨምቋል፤ ክርክር አያስፈልገውም።

"እንግዲያው ልቁረጠው" ትዪኝ ይሆናል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት፣ በራሷ አሳጠረች አለ። ከ6000 በ4000 ላይ ካሬ ስትቆርጪ የሚቀርሽ 4000 በ4000 ነው፤ ሲሶው ሄደ። 12 ሰው በአንድ ረድፍ ፎቶውን ሞልቶ ከነበረ አራቱ ወጡ፣ ሁለቱ ከግራ ሁለቱ ከቀኝ። ደግሞስ ጫፍ ላይ የሚቆመው ማን ነው? መሃሉን ሙሽሮቹና ወላጆቻቸው ይይዙታል። ጫፉ የሚደርሳቸው ሌሊቱን ወጥ ስታማስል ያደረችው አክስት፣ ወንበር ሲያመላልስ የዋለው የጎረቤት ልጅ፣ ከገጠር መጥቶ መሃል መግባት ያፈረው አጎት ናቸው። ፎቶው ሲደርሳቸው መጀመሪያ የሚፈልጉት ራሳቸውን ነው። በዚህ የተኮራረፈ ቤተሰብ ስንት መሰለሽ! መቁረጥ ክልክል ነው አልልም። ባዶ ሰማይ፣ ባዶ አስፋልት፣ በካሜራው ፊት ያለፈ ሰው ጀርባ ቁረጪ፣ ይበጃል። ለፎቶ ብሎ የቆመን ሰው ግን ማንም ሳያዝሽ አታውጪ።

የሚሻለው የፎቶውን ልክ ሳይነኩ የተቀመጠበትን መደብ ማስፋት ነው። እንጀራው ከሰፌዱ ቢያንስ እንጀራውን የሚጎትት ባለሙያ አይተሽ ታውቂያለሽ? መሃል ላይ ያኖሩታል፣ ዙሪያው ይተርፋል፣ አለቀ። በኛም ጊዜ ፎቶውን ወፍራም ካርቶን ላይ ለጥፈን ሰፋ ያለ ጠርዝ እንተውለት ነበር፤ ክፈፉ ምንም ዓይነት ልክ ቢኖረው የሚስተካከለው ካርቶኑ እንጂ ሰዎቹ አይደሉም። ኮምፒውተሩ ላይ ካንቫስ የሚሉት ያንን ካርቶን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የፎቶውን ረጅም ጎን ያዢ፤ የካሬሽ ልክ እሱ ነው። 6000 በ4000 ከሆነ መደቡ 6000 በ6000 ይሆናል። ልዩነቱ 2000 ነው፤ ከላይ 1000፣ ከታች 1000። በስልክ በቁመት የተነሳ 3024 በ4032 ከሆነ ደግሞ መደቡ 4032 በ4032 ሆኖ ከግራ 504፣ ከቀኝ 504 ይጨመራል። ከዚያ ሙሉ ካሬውን ወደ 1080 በ1080 ብታሳንሺው የሠርጉ ፎቶ ራሱ 1080 በ720 ይሆንና ከላይና ከታች 180፣ 180 ፒክስል ጠርዝ ይኖረዋል። ሰዎቹ በስልክ ስክሪን ላይ አነስ ብለው መታየታቸው አይቀርም፣ ይህንን ለደንበኛሽ አስቀድመሽ ንገሪው። እኔን ከጠየቅሽኝ ሰው አንሶ ቢታይ ጠፍቶ ወይም ተጣሞ ከሚታይ ይሻላል።

አሠራሩ ላይ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የሚሠራው አንድ ቦታ ነው። ፎቶሾፕ ላይ "ኢሜጅ" በሚለው ዝርዝር ውስጥ "ኢሜጅ ሳይዝ" እና "ካንቫስ ሳይዝ" የሚሉ ሁለት ትእዛዞች ጎን ለጎን አሉ። ቸኩሎ ያነበበ ያምታታቸዋል። የመጀመሪያው ፎቶውን ራሱን ያሳድጋል ወይም ያሳንሳል፤ ሁለተኛው ፎቶውን ሳይነካ መደቡን ብቻ ያሰፋል ወይም ያጠባል። አንቺ የምትፈልጊው ሁለተኛውን ነው። ወርድና ቁመቱን እኩል ጻፊ፣ ዘጠኝ ሳጥን ካለው ምልክት ላይ የመሃሉን ምረጪ፣ የሚጨመረውን ክፍል ቀለም እዚያው ታች ምረጪ።

ለፎቶሾፕ የምትከፍዪው ከሌለሽ ጊምፕ አለልሽ። በርክሌይ የሚማሩ ሁለት ተማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሥራ ነው፣ እስከ ዛሬ በነጻ ነው። ጊምፕ ላይ ከወርድና ከቁመት ቁጥሮቹ አጠገብ ትንሽ የሰንሰለት ምልክት ታያለሽ። ያችን ሰንሰለት በደንብ ያዢልኝ፤ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላልና። "ስኬል ኢሜጅ" ውስጥ ስትሆኚ ሰንሰለቷ የተያያዘች ትሁን፤ ወርዱን ስትቀይሪ ቁመቱ አብሮ በልኩ ይቀየራል፣ ሰው አይጣመምም። "ካንቫስ ሳይዝ" ውስጥ ስትገቢ ግን ፍቺያት፤ ካልፈታሻት 4000ውን 6000 ስትዪው 6000ው 9000 ይሆንና መደብሽ እንደገና አራት ማዕዘን እንጂ ካሬ አይሆንም። ፈትተሽ 6000 በ6000 ጻፊ፣ "ሴንተር" የሚለውን ተጫኚ፣ "ሪሳይዝ" በይ። የተጨመረው ክፍል የዳማ ሰሌዳ መስሎ ከታየሽ አትደንግጪ፣ ገና ቀለም የለውም ማለት ነው። የጀርባ ቀለሙን ምረጪና "ፍላተን ኢሜጅ" በዪው፣ ይሞላል። ሳትሞዪው ጄፔግ አድርጌ ላስቀምጥ ብትዪ ጄፔግ ባዶ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያላሰብሽውን ቀለም ሞልቶ ይሰጥሻል። ባዶነቱን የሚጠብቅልሽ ፒኤንጂ ነው።

ስልክ ላይ ስናፕሲድ "ኤክስፓንድ" የሚል መሣሪያ አለው፤ ነጭ ወይም ጥቁር መርጠሽ ጠርዙን በጣትሽ መሳብ ነው። ለአንድ ለሁለት ፎቶ በቂ ነው።

ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ የባለሙያና የጀማሪ ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ሁልጊዜ ያዋጣል፤ ብቻ ነጭ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ጠርዙ ከገጹ ጋር ተዋህዶ ካሬነቱ እንደማይታይ፣ ስልኩን ጥቁር ገጽ ላይ ያደረገ ሰው ደግሞ ነጩን ደምቆ እንደሚያየው እወቂ። የሌሊት ፎቶ ከሆነ ጥቁር ያምራል። ቀለም ካማረሽ ከራሱ ከፎቶው ላይ ቅጂ፤ ለምሳሌ ከሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት ወይም ከግድግዳው። ጠርዙ የግድ እኩል ይሁን የሚል ሕግም የለም። ክፈፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከታች በኩል ትንሽ ሰፋ አድርገው ይተዋሉ፣ ፎቶው ወደ ታች የወረደ እንዳይመስል። ለበዓል "እንኳን አደረሳችሁ" የሚጻፍበት ከሆነ ፎቶውን ወደ ላይ ገፋ አድርገሽ ቦታውን በሙሉ ከታች ተዪው።

ይህ መደብ የማስፋት ነገር የሰነፍ ዘዴ ይመስልሽ እንደሆነ አንድ ልንገርሽ። በ1969 እ.ኤ.አ. አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ጠፈርተኞቹ የያዙት ካሜራ ያው ካሬ የሚያነሳው ሃሰልብላድ ነበር። ኒል አርምስትሮንግ ባዝ ኦልድሪንን ያነሳበትን፣ የራስ ቁሩ መስታወት ላይ አርምስትሮንግ ራሱ የሚታይበትን ፎቶ ታውቂዋለሽ። ኦሪጅናሉ ላይ የኦልድሪን አናት ከፎቶው ጫፍ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም፣ ፎቶውም ዘንበል ያለ ነው። በየመጽሔቱ የታተመው ግን ዘንበል ማለቱ ተስተካክሎ፣ ከአናቱ በላይ ጥቁር ሰማይ ተጨምሮለት ነው። ሰውየው አልተለጠጠም፤ መደቡ ብቻ ከፍ አለ። የጨረቃ ሰማይ ድፍን ጥቁር ስለሆነ የተጨመረው ከነበረው አይለይም። ትምህርቱም እዚያ ላይ ነው፤ የምትጨምሪው ነገር ድፍንና ዝም ያለ ይሁን።

ስለዚህ ነው አሁን የተለመደውን፣ ያንኑ ፎቶ አሳድጎና አደብዝዞ ከኋላ መደብ የማድረጉን ነገር የማልወደው። አንዳንዱ የስልክ መተግበሪያ ሳትጠይቂው ይሠራዋል። ሙሽራዋ መሃል ላይ ጥርት ብላ ቆማ፣ የራሷ የደበዘዘ ግዙፍ ትከሻ ከላይና ከታች ይታያል፤ ዓይን ወዴት ይሂድ? ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው። በዚህ ላይ የማይስማሙ ወጣቶች አሉ፣ ቪዲዮ ላይ ያምራል ይላሉ። ቪዲዮ ላይ ይሁንላቸው።

ከዚህ የባሰው ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መደቡን ሙላልኝ ማለት ነው። ማሽኑ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ያለውን አላየም፤ ከራሱ አምጥቶ ነው የሚሞላው። ሣርና ሰማይ ሲሆን ብዙ አይጎዳም። ጫፍ ላይ ሰው ካለ ግን ክንድ ያስረዝማል፣ ጣት ይጨምራል፣ አንዳንዴ ሠርጉ ያልተጠራ እንግዳ አቁሞ ይሰጥሻል። ጠርጥር፣ ገንፎም አለው ስንጥር፤ አሳድገሽ ጠርዙን ሁሉ ሳታዪ አታስረክቢ። ለሙት ዓመት የሚወጣ የሟች ፎቶ ላይ ግን ጨርሶ አታስነኪው። እዚያ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ጠርዝ ብቻ ነው የሚገባው።

ካሬ አድርጊልኝ የሚለው ሰው ለቴሌግራም ወይም ለዋትስአፕ ፕሮፋይል ከሆነ ሌላ ስሌት አለ፤ ካሬ ትሰጫቸዋለሽ፣ እነሱ የሚያሳዩት ክብ ነው። አራቱ ማዕዘን ይበላል። የሠርጉን ፎቶ በ6000 በ6000 መደብ ላይ ብታደርጊው ጫፍ የቆሙት ሰዎች እንደገና በክቡ ይቆረጣሉ፣ ልፋትሽም መና ይቀራል። እዚህ ላይ የሚለካው ረጅሙ ጎን ሳይሆን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ሰያፍ ነው። የ6000 በ4000 ፎቶ ሰያፉ 7211 ፒክስል ገደማ ነውና መደቡን 7300 በ7300 ብታደርጊው ሙሉው ፎቶ ክቡ ውስጥ ይገባል። በዚያች ጠባብ ክብ 12 ሰው ማን ያያል ካልሽኝ ግን እውነትሽን ነው፤ ለፕሮፋይል የአንድ ሰው ፎቶ እንዲመርጡ ምከሪያቸው።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ኦሪጅናሉ አንድ ነው፤ ካሬውን በሌላ ስም አስቀምጪ፣ በኦሪጅናሉ ላይ አትደርቢ። ጄፔግ ተከፍቶ በተስተካከለና በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሌላ ልክ ሲጠየቅ ከካሬው ሳይሆን ከዋናው ፋይል ጀምሪ። ደንበኛም ፎቶ በቴሌግራም ሲልክልሽ "እንደ ፋይል ላክልኝ" በይው፤ እንደ ፎቶ የተላከው አንሶና ተጨምቆ ነው የሚደርስሽ። ልክ ደግሞ ይለዋወጣል። ኢንስታግራም በ2010 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ከካሬ በቀር አልቀበልም ይል ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ሌላም ፈቀደ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የገጹን ሳጥኖች ራሳቸውን ቁመታቸው የረዘመ አደረጋቸው። ያኔ ቆርጠው ኦሪጅናሉን የጣሉ ሰዎች ዛሬ የሚመልሱት ነገር የላቸውም።

አሁን ደግሞ ይህ ሁሉ ምክር የማይሠራበት ቦታ። ለዲቪና ለአሜሪካ ቪዛ የሚፈለገው ፎቶ ካሬ ነው፤ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ጄፔግ፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ መደቡ ነጭ ወይም ወደ ነጭ ያደላ። ሰዉ በስልኩ ያለውን ፎቶ ይዞልሽ ይመጣና "ዙሪያውን ነጭ አድርጊልኝ" ይልሻል። እንዳትሞክሪው። አንደኛ፣ ጭንቅላቱ ከአገጭ እስከ አናት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መሆን አለበት። 4000 በ3000 በሆነ ፎቶ ላይ ጭንቅላቱ 1500 ፒክስል ከሆነ ልክ 50 በመቶ ነው፤ ከላይና ከታች ጨምረሽ 4000 በ4000 ስታደርጊው ግን ወደ 37.5 በመቶ ይወርዳል፣ ከደንቡ ወጣ። ሁለተኛ፣ ያንቺ ነጭና የግድግዳው ነጭ አንድ አይደሉም፣ መገጣጠሚያው ይታያል። ሦስተኛ፣ በማንኛውም መንገድ የተነካካ ፎቶ ማመልከቻውን ያሰርዛል ብለው በመመሪያው ጽፈዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የዲቪ ቅጽ አንዴ ከተላከ ፎቶ መቀየር የለም፣ ሁለተኛ መሙላትም ያሰርዛል።

ለዚህ ዓይነቱ ሰው ካሬው የሚሠራው ካሜራው ፊት ነው። ነጭ ግድግዳ ፊት፣ ጥላው እንዳይወድቅበት ራቅ አድርገሽ አቁሚው፤ መነጽሩን አስወልቂው። በሃይማኖት ምክንያት ሁልጊዜ ራሷን የምትሸፍን ከሆነች ሻሿን አታስወልቂያት፣ ፊቷ ላይ ጥላ እንዳይጥል ብቻ ተጠንቀቂ። ካሜራውን 1 ለ1 ላይ አድርገሽ፣ ከአናቱ በላይና በትከሻው ግራና ቀኝ በቂ ነጭ እስኪታይሽ ወደ ኋላ ተራመጂ። ፎቶው ከ6 ወር ያልበለጠ መሆን ስላለበት፣ አምና ያነሳሁት አለ ቢልሽም አዲስ አንሺው። የቆየውን አስተካክዪልኝ ብሎ ቢለምንሽ፣ ቢቆጣሽም፣ እምቢ በይ።